ጎረቤት ይናገር

በልብ ብቻ ማመንን የሚያህል ምቹ ነገር አላየሁም። ጎረቤት አያየውም፣ ዝናብ አይመታውም፣ ማንም ተነሥቶ አይጠይቅበትም። እኔ ጩማ፣ የሶዶው ልብስ ሰፊ፣ ለዓመታት እንዲህ ባለው እምነት ተመችቶኝ ኖሬአለሁ። «እግዚአብሔር ልብን ያያል» የሚለውን ቃል የሰማሁ ቀን ደስ ያለኝን ያህል የስፌት መኪናዬን የገዛሁ ቀን እንኳ ደስ አላለኝም። እሱ ልብን የሚያይ ከሆነ ሌላውን አካላቴን ምን ብዬ አስቸግራለሁ አልኩ። አፌን ለጠላ፣ እግሬን ለማኅበር፣ አንገቴን ለማተብ ሰጠሁና ልቤን ብቻ ለእሱ አስቀመጥኩለት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ እኔም እምነቴ እንዳይነቅዝ ዝም አልኩ። ይህን ጥበብ ማንም አላስተማረኝም፣ ከራሴ ነው ያገኘሁት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በወላይታ ያን ጊዜ አማኝ የሚባለው ሚሲዮኖች ባመጡት ወንጌል ያመነ ሰው ነው። አማኝ ጠላ አይጠጣም፣ ጋያ አያጨስም፣ ማተብ አያስርም፣ ሳይጸልይ እህል አይቀምስም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝም አይልም። ሰው ፊት ቆሞ «አምኛለሁ» ይላል፤ ካላለ እንዳላመነ ይቆጠራል። እኔ ግን በልጅነቴ ከመንደሬ ልጆች ጋር በከተማው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና የተነሣሁ፣ በየወሩ የማርያምን ጽዋ የምጠጣ ሰው ነኝ። ደንበኞቼም ከዚያው ወገን ናቸው፤ ወታደሩ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ ነጋዴው። አማኞቹ አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው፤ አንዷን ቁምጣ ለሦስት ክረምት ያዘልቋታል። እንዲህ ያለውን ጎበዝ ተማምኖ ሱቅ የሚከፍት ልብስ ሰፊ የለም።

አንዳንድ ቦታ አማኞች ይታሰሩ እንደነበር እሰማ ነበር። እኔም ስለ እምነቱ ተገረፈ፣ ተሰደደ ቢባልልኝ ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። እኔን ግን ማንም አላስፈራራኝም። ብቻዬን በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን በራሴ አስፈራራሁት። ተነፋነፍ ሱሪ የሚያሰፋኝ ሰው እንዳይቀርብኝ ብዬ መንግሥተ ሰማያትን ከኮት ገበር ስር ደበቅኩ፣ ከዚያም ሥራዬን ቀጠልኩ።

ያመንኩት በዝናብ ምክንያት ነው። የሰፋኋቸውን ቁምጣዎች ይዤ ሻንቶ ገበያ ውዬ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና መንገድ ዳር ካለ የጸሎት ቤት ጣራ ስር ተጠጋሁ። ከውስጥ አንዲት አሮጊት ቆማ ትናገር ነበር። ንግግሯ ያማረ አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ መንፈስ ስትፈራ እንደኖረች፣ ሰው በታመመ ቁጥር ለጠንቋይ ፍየል ስትገብር እንደነበር፣ አሁን ግን የሞተው ጌታ ተነሥቶአልና የምትፈራው እንደሌለ ተናገረች። ይኸው ነው። እኔ ውጭ ቁምጣዎቼን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜ አመንኩ። እንዴት ብትሉኝ አላውቅም፤ ግን እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሰዎቹ ወጡና አንዱ «ምነው ውጭ ቆምክ፣ አትገባም ነበር?» አለኝ። «ቁምጣ ትፈልጋላችሁ?» አልኩት። አልፈለጉም፤ መንገዴን ቀጠልኩ።

ችግሩ በጸሎት መጣ። እህል ሲቀርብ ሳልጸልይ መብላት ልቤ እምቢ አለኝ፤ ማኅበርተኛ መሃል ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ማነብነብ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ምግብ በቀረበ ቁጥር ዓይኔን እያሸሁ «ኧረ ይኼ ዓይኔ» ማለት ጀመርኩ። በሁለት መዳፌ እሸፍነውና አጠር ያለች ጸሎት አደርሳለሁ። ምግቡ ያማረ ቀን ምስጋናዬም ስለሚረዝም ሕመሙ ጠንከር ይልብኛል። ጠላውን ደግሞ «የሚጠጣው ጉሮሮዬ ነው፤ ልቤ አልጠጣም» እያልኩ እጠጣለሁ። ልቤ ሳይጠጣ ሰክሬ የገባሁበት ቀንም አለ። ብዙም ሳይቆይ ጩማ ዓይኑን ታመመ የሚል ወሬ በሰፈሩ ተሰማ።

ከሁሉ ይልቅ ያዘነልኝ ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ ገብረማርያም ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ቤታችን በአጥር ይገናኛል፣ በማኅበርም አብረን እንጠጣለን። «ልብስ ሰፊ ዓይኑ ከጠፋ ምን ይበላል?» ብሎ ማለዳ ማለዳ እየቀሰቀሰ ጠበል ወሰደኝ። በዚያ ብርድ ራቁቴን ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ተጠመቅኩ። ጠበሉ አላዳነኝም፤ ጥፋቱ ግን የጠበሉ አይደለም፣ ዓይኔ ደህና ነበር። በመጨረሻ ብርዱ ሲብስብኝ «ተሻለኝ» አልኩና ለጥቂት ሳምንት ምግብ ሲቀርብ በጥርሴ እያሳበብኩ ጸለይኩ።

ሚስቴ ቦሼ ያመነችው ከእኔ በኋላ ነው። አንድ ለቅሶ ቤት ወንጌል ሰማች፤ ሰምታም ወደ ቤት እስክትደርስ ድረስ በመንገድ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ነገረችው። «የፈጠነች አባት፣ አምኛለሁ» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። ፈጠነች ልጃችን ናት፤ በእኛ ዘንድ ሚስት ባሏን በልጁ ስም ትጠራዋለች። «አንተስ?» አለችኝ። ከእሷ ቀድሜ ያመንኩት ሰውዬ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገባሁ «እስቲ አየዋለሁ» አልኳት። ለእሷ ብቻ ብትነግራትስ ትሉ ይሆናል። ቦሼን አታውቋትም። ደስታ ደብቃ ማሳደር አትችልም፤ ለእሷ መንገር ገበያ መሃል ነጋሪት ማስጎሰም ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ፈጠነች ሞተች። አዲስ አበባ ላይ የታኅሣሡ ግርግር በሆነበት ዓመት ነው፤ ኩፍኝ ወሰዳት። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። በቀብሯ ዕለት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከወንዶቹ ጋር፣ ከማኅበርተኞቼ መሃል ቆምኩ። ቦሼ ከመቃብሩ አፋፍ ላይ ሆና «እኔ ልጄን አገኛታለሁ» አለች። «እኔ» ነው ያለችው። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «እኔም» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ነበር። ከጎኔ ግን የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቆሟል፤ ኮቱ እኔ ዘንድ ነው። አንገቴን ደፋሁ። እሷም ፊቷን ወደ አፈሩ መለሰች።

ከዚያ ወዲህ ቦሼ ጎህ ሲቀድ እንሰቱ ስር ተንበርክካ ስለ እኔ መጸለይ ጀመረች። ቀስ ብሎ መናገር የሚባል ነገር ስለማታውቅ ከመኝታዬ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ጩማንም አድርስልኝ። ያን ቀን ፈጠነች አባቴስ ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?» ትላለች፤ ታለቅሳለች። እኔ ከብርድ ልብሱ ስር «አሜን» እላለሁ፣ በልቤ። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው እያዛጋሁ እነሣለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስም ይለኝ ነበር። የሚጸለይለት ሰው ይሞቀዋል። ሚስቴ በጤዛ ላይ ተንበርክካ እያለቀሰች እኔ ተሸፋፍኜ ስለ ነፍሴ መልካም ነገር አዳምጥ ነበር።

አንድ ማለዳ ስሜ ቀረ። ስለ ዝናቡ ጸለየች፣ ስለ ተበላ ከተማ አማኞች ጸለየች፣ ስለ ታመመችው ላማችን ጸለየች፣ አሜን ብላ ተነሣች። ረስታኝ ይሆናል ብዬ የሚቀጥለውን ቀን ጠበቅኩ። ላሟ አለች፤ እኔ የለሁም። ላሟ ዳነች፣ ምስጋና ቀረበላት፤ አሁንም እኔ የለሁም። በላም ቀናሁ። ቁርስ ላይ ፎሰሴውን ከሚያቃጥለው ማባያ ከዳታው ጋር አቀረበችልኝ፤ ጎመኑንና በቆሎውን አስተካክላ፣ እንደ እንግዳ በትሕትና። ድሮ ቢሆን «መቼ ነው የምታምነው?» ብላ ትጨቀጭቀኝ ነበር። አሁን «ጠግበሃል?» ብቻ አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ቦሼ ተስፋ ቆርጣብኛለች። ልጃችንን ብቻዋን ልትጠብቅ ወስናለች፤ እኔን እዚሁ ከላሟ በታች ትታኛለች። ፈራሁ፤ ደንበኛ እንዳይቀርብኝ ከፈራሁት ፍርሃት ጋር የማይገናኝ ፍርሃት ነበር። በዚያው ቀን መኪናዬን ሸፍኜ ወደ ሽማግሌው ወደ አንጁሎ ሄድኩ።

አንጁሎ የጸሎት ቤቱ መሪ ነው፤ በነገር የማይቸኩል ገበሬ። እንሰቱን ሲኮተኩት አገኘሁትና አምኛለሁ አልኩት። መኮትኮቻውን አስቀመጠና እጄን ጨበጠኝ።

«እሑድ በጉባኤው ፊት ትቆማለህ» አለኝ። «እንጠይቅሃለን። ከዚያ ጎረቤት ይናገራል። ጎረቤቱ ከመሰከረልህ ከጊፋታ በዓል በኋላ ወንዙ ሲጠራ ትጠመቃለህ።»

ይህ ደንባቸው ነው። ሰው አምኛለሁ ብሎ ሲቆም ሽማግሌዎቹ የእሱን አፍ ብቻ አያምኑም፤ አጥር የሚጋራው ሰው፣ ያውም አማኝ ያልሆነው፣ መጥቶ ስለ ኑሮው እንዲናገር ይጠይቃሉ። የወዳጅ ምስክር ያደላል ይላሉ። የእኔ አጥር የሚጋራው ደግሞ ሃምሳ አለቃ ገብረማርያም ነው።

«ምን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አልኩት።

«ታምናለህ ወይ እንላለን። መቼ አመንክ እንላለን። ሌላው ቀላል ነው።»

ቀላል አለው። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ «መቼ አመንክ» የምትለዋ ጥያቄ ተከተለችኝ። እውነቱን ብናገር ቦሼ ያን ሁሉ ማለዳ በከንቱ እንዳለቀሰች፣ እኔም እንደሰማኋት ታውቃለች። «ባለፈው ሰኞ» ብል ግን ጸሎቷ ተሰማ ማለት ነው፤ ደስ ይላታል፣ እኔም አላፍርም። ነገሩን በደንብ ሳገላብጠው ውሸቱ ለእሷ የሚሰጥ ስጦታ ሆኖ ታየኝ። የፈሪ ሰው ቸርነት ሁልጊዜ ወደ ራሱ ነው የሚመለሰው፤ ይህን ያኔ አላወቅኩም። ሰኞ ይሁን ብዬ ወሰንኩ።

በዚያው ቀን ሃምሳ አለቃን በአጥሩ ጠራሁት። በዚህ ነገር የማሳዝነው ሰው ካለ እሱ ነው ብዬ ስለማስብ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አጥሩ እንጨት። በመጨረሻ ተናገርኩ።

«አምኛለሁ፣ ሃምሳ አለቃ። ወደ አማኞቹ ልሄድ ነው።»

«መቼ አመንክ?»

«ባለፈው ሰኞ።»

«ሰኞ» አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እሑድ መጥቼ ልናገር ነው የምትፈልገው?»

«ደንባቸው ነው። መልካም ጎረቤት ነው፣ ሰው አይበድልም ብትልልኝ ይበቃል። ትቀየመኛለህ?»

«ከማኅበሩ ስትወጣ አዝናለሁ። እምነት ግን በግድ አይሆንም።» አጥሩን ተደገፈ። «እመጣለሁ። ግን እውነቱን ነው የምናገረው። የእኔ ቤት ባይሆንም የጸሎት ቤት ነው፤ አልዋሽበትም።»

አመሰገንኩት። እውነት እናገራለሁ ያለኝን ሰው በደስታ ያመሰገንኩ ሞኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እሑድ የጸሎት ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። ለቦሼ አልነገርኳትም፤ ድንገት እንዲያስደስታት ብዬ ነው። ስገባ አየችኝና ከጎኗ የተቀመጠችውን ሴት ክንድ ያዘች። ማተቤን በር ላይ ፈትቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ ጨርሶ ለመጣል አልደፈርኩም። ሃምሳ አለቃ ከኋላዬ መጣ። በካኪ ኮቱ ደጃፉ ላይ ቆመና «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ በሰፊው አማተበ። ማንም በማያማትብበት ቤት፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው። ከዚያ ዘና ብሎ ገብቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ በሁለቱም ቤት ተደብቄ የኖርኩት ሰውዬ አየሁትና ቀናሁበት። አንጁሎ ሲጠራኝ ተነሥቼ ወደፊት ሄድኩ።

«ጩማ፣ ጌታ ኢየሱስ ስለ ኃጢአትህ እንደሞተና እንደተነሣ ታምናለህ?»

«አምናለሁ።» ይህ እውነት ነበር።

«መቼ አመንክ?»

«ባለፈው ሰኞ ማለዳ» አልኩ። እዚያ ላይ ብቆም መልካም ነበር። ግን የሰው ፊት ሲያበራ ሳይ አፌ ተከፈተ፤ ስንት ዓመት ተዘግቶ የኖረ አፍ መቼ መቆም እንዳለበት አያውቅም። «በባለቤቴ በቦሼ ጸሎት ነው ያመንኩት። ሰኞ ማለዳ ስትጸልይ ሰማኋትና ልቤ ተሰበረ» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቦሼ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሰኞ ማለዳ ስለ እኔ እንዳልጸለየች እንኳ በደስታዋ ረሳችው። ሙያዬ ስፌት ነውና ውሸቱ በልኳ እንደወጣ አይቼ ደስ አለኝ።

«ጎረቤት ይናገር» አለ አንጁሎ።

ሃምሳ አለቃ ተነሥቶ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። ወላይትኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ስለዚህ እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ አንጁሎ ለጉባኤው ይተረጉማል። በዚህ ምክንያት ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጉዴን ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማው።

«እኔ የእናንተ ሰው አይደለሁም፤ እንዳትሳሳቱ» ብሎ ጀመረ። «ጩማ መልካም ጎረቤት ነው። ሰው አይበድልም። ሱሪ በቀጠሮው አያደርስም እንጂ ሌላ ክፋት የለበትም።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

«ሰኞ አመንኩ ያለው ግን ውሸት ነው።»

አንጁሎ ተረጎመው።

«ይህ ሰው ያመነው ድሮ ነው። የታኅሣሡ ግርግር ከመሆኑ በፊት ነው። ምግብ ሲቀርብ ብቻ የሚያም ዓይን አይቼ አላውቅም። በመዳፉ ስር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በየማኅበሩ አይቻለሁ። ጠበል የወሰድኩትም ዓይኑ እንዲድን አይደለም። እዚያ ሲቆም አምላኩን ያፍርና ይነግረኛል ብዬ ነው። እሱ ግን ተጠመቀ ተጠመቀና ተሻለኝ አለኝ።»

«ታዲያ አንተ ለምን ዝም አልክ?» አለው አንጁሎ።

«የሰው አፍ እኔ ልከፍት ነው? እምነቱ የእሱ ነው። ያፈረበትም እሱ ነው።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እናንተ ስለ እምነቱ ከሆነ የጠራችሁኝ፣ አዎ፣ የእናንተ ነው። ስለ ሰኞ ከሆነ ዋሽቷል። ሌላ የማውቀው የለም።» ብሎ ተቀመጠ።

ማንም አልሳቀም። የተሰበሰበው ሰው እኔን አየ፤ እኔ ሴቶቹ ወዳሉበት ላለማየት ጣራውን አየሁ። ከዚያ ማንም ተናገሪ ሳይላት ቦሼ ተነሣች። ነጠላዋ ከፊቷ ወርዶ ነበር።

«የፈጠነች አባት» አለችኝ። ልጃችን ከሞተችም በኋላ በዚያ ስም መጥራቷን አልተወችም። «ልጃችንን የቀበርን ቀን አምነህ ነበር?»

ሌላ ስፌት ፈለግኩ። አልነበረኝም።

«አምኜ ነበር» አልኩ።

«እንደምትነሣ?»

«አዎ።»

«እንደምናገኛት?»

«እንደምናገኛት።»

«እኔ ብቻዬን ነበር የጠበቅኳት» አለች። ድምፁ የሷ አይመስልም፤ ዝቅ ያለ ነበር። «አንተ አጠገቤ ተኝተህ እኔ ብቻዬን ጠበቅኳት። ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሁለታችሁ አለቀስኩ። በዚህ ሰሞን ደከመኝና ተውኩት። አባትሽ አልመጣም ብዬ እንዴት እንደምነግራት ነበር የማስበው።»

አንጁሎ ይህንን ለሃምሳ አለቃ አልተረጎመለትም። ሃምሳ አለቃ ግን ሰምቷል፤ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ መሬት ያይ ነበር። እኔ አፈርኩ። ሰው ፊት ስለተዋረድኩ አልነበረም፤ ያንንስ እለምደዋለሁ። ያቺን አንዲት ቃል፣ «እኔም» የምትለዋን፣ በመቃብሩ አፋፍ ላይ ብሰጣት ኖሮ ይህች ሴት ያን ሁሉ ማለዳ ብቻዋን አትንበረከክም ነበር። እምነቴን ከደንበኛ እደብቃለሁ ብዬ የደበቅኩት ከሷ ነው።

አንጁሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተንሾካሾከ። ከዚያ ተነሥቶ ተናገረ።

«ማመንህን ጎረቤትህ መስክሯል፤ ተቀብለነዋል። ጥምቀቱ ግን ለሚመጣው ዓመት ይቆይ። እስከዚያ አፍህን እውነት አስለምደው።»

ጉባኤው ሲበተን ሃምሳ አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ቦሼን ግቢው በር ላይ አገኘኋት። ትታኝ ትሄዳለች ብዬ ነበር። እኔ ሰው ወደማያይበት ወደ ገደሉ ዳር መታጠፊያ ማምራት ስጀምር «በትልቁ መንገድ ነው የምንሄደው» አለች። ፊት ፊት ሄደች፤ ከኋላዋ ተከተልኳት። ትልቁ መንገድ ከከተማው ቤተ ክርስቲያን በሚመለሱ ነጭ በለበሱ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። የግማሾቹን ወገብ ስፋት በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ያን ቀን ያላልከኝን አሁን በለኝ» አለች ሳትዞር።

«እናገኛታለን» አልኳት በቀስታ።

«አልሰማሁህም።»

«እናገኛታለን፣ ቦሼ።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ለእኔ ብቻ አይደለም የሚባለው።»

ይህን ስትል ወይዘሮ የትምወርቅ ፊት ለፊት መጡ። ከደንበኞቼ ሁሉ የከበሩ፣ እኔም ከሁሉ የምፈራቸው ሴት ናቸው፤ አንድ ቃል ከተናገሩ ግማሹ ሰፈር ሌላ ልብስ ሰፊ ይፈልጋል። ስንት ዓመት በሐሳቤ እምነቴን የምክደው በእሳቸው ፊት ነበር።

«ጩማ፣ ከወዴት ነው የምትመጣው?» አሉኝ።

ቦሼ ቆመች፤ ግን አልዞረችም። ማተቤ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄን ወደዚያ ሰድጄ መለስኩት።

«ከአማኞቹ ጸሎት ቤት ነው፣ እትዬ» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፤ ቢሆንም ወጣ። «አምኛለሁ። ድሮ ነው ያመንኩት፤ ደብቄ ነው። ልጄ ፈጠነች ትነሣለች። እኔና እናቷ እናገኛታለን።»

ወይዘሮ የትምወርቅ መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ቦሼን አዩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አሜን፤ እሱ ያገናኛችሁ» አሉ። «የልጄ ሱሪ ግን ደረሰ ወይ?»

«ለረቡዕ ነው፣ እትዬ።»

«ባለፈውም ለረቡዕ ብለኸኝ ነበር» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያ ሁሉ ዓመት የፈራሁት ይኸው ነበር። ቦሼ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ቀረብኳት። እየሳቀች ነበር። ልጃችን ከሞተች ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «ሱሪ» አለች፤ «ለሱሪ ብለህ» አለችና ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ የልጄን ስም እየጠራሁ፣ ድምፄን ሳልቀንስ ከሷ ጋር አለቀስኩ።